ከአባቴ ምድጃ የወጣ እሳት

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ እሳት የማስተምርበት ቀን አለ። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ሲያዩኝ በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። እሳት እንዲነድ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚነድ ነገር፣ አየርና ሙቀት። ከሦስቱ አንዱን ካሳጣችሁት ይጠፋል። ውኃ ሙቀቱን ይወስድበታል፣ አፈር አየሩን ይከለክለዋል። የሚነደውን ነገር ማሳጣትስ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልፎ አልፎ ይገኛል። «እሳቱ ሊደርስበት ያለውን ነገር ቀድሞ ማንሣት ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ስለ አባቴ ቤት አልነግራቸውም፤ ፈተና ላይ አይመጣም።

ነገሩ የሆነው በየካቲት ነው፤ እኛ አገር ነፋስ የሚያስቸግርበት፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽበት ወር። ከሥራ ተመልሼ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። እሱ ከደባርቅ በላይ፣ ከአባታችን ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ያርሳል።

«የአባባን ቤት አፈረስነው» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«እሳት ተነሥቶ።»

«ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። እኛ ነን ያፈረስነው።»

አባታችን ደህና መሆኑን ጠየቅሁት፤ ደህና ነው አለኝ። ሰው ተጎድቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ የጎረቤታችን እጅ መለብለቡን፣ ቤታቸው ውስጥ ታስራ የነበረች አንዲት ጊደር ደግሞ ሳትወጣ መቅረቷን ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ወረቀት አረምኩ። መደንገጥ እንደ ነበረብኝ አውቃለሁ። ሆዴ ግን ዝም አለ። ዛሬም ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የአንድ ተማሪ አስቀያሚ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ጎረቤታችን የምላቸው እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ባልቴት ናቸው። በሳቸው ቤትና በአባቴ ቤት መሀል ያለው ጎመን የሚተከልበት ጠባብ ጓሮና አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። የሳቸው ባል ካረፉ፣ የኛም እናት ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ሽማግሎች ለብቻ ለብቻቸው ይኖራሉ። ብዙም ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። እሳት ግን ይሰጣጣሉ።

ደጋ ነው፤ ያለ እሳት አይዋልም አይታደርም። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት አመዱ ተገልጦ እፍ ይባላል። በደንብ የተዳፈነ እሳት ያድራል። የጠፋበት ሰው የተሰበረ የሸክላ ስባሪ፣ ገል እንለዋለን፣ ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄድና «እሳት ልጭር መጣሁ» ይላል። ክብሪት ጠፍቶ አይደለም፤ ሱቁ ሁሉ ሞልቷል። ግን ክብሪት በጉም ይረጥባል፤ ደግሞም ለትልልቆቹ ሰዎች በክብሪት የተጀመረ ምድጃ ዘመድ የሌለው ነገር ይመስላቸዋል። የእትዬ ሲጠፋ ወደ አባቴ፣ የአባቴ ሲጠፋ ወደ እትዬ ነው። ወንድሜ «እነዚህ ሰዎች የሚዋደዱት በአመድ በኩል ነው» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይከለከልም። የሚከለከለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ላም በወለደች ሰሞን ከቤት እሳት አይወጣም። ያኔ «ላሟ ወልዳለች» ይባላል፤ የመጣውም ሰው ሳይከፋው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አባቴ በዚያ ሰሞን ልትወልድ የደረሰች ላም ነበረችው።

በዚያ ጠዋት እትዬ ገል ይዘው መጡ። የምናገረው ወንድሜ እንደ ነገረኝ ነው። ነፋስ ነበረ። አባቴ ገሉ ላይ አመድ አነጠፈ፣ ጥቂት ፍም አደረገበት፣ በላዩም አመድ መለሰበት፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። እትዬ በነጠላቸው ከልለው ሄዱ። ደጃቸው ሲደርሱ ነፋሱ ከጎን መጣና አመዱን ገለጠው፤ አንዲት ትንታግ ተነሥታ ከበራፉ አጠገብ ከተቆለለው ጭድ ላይ አረፈች። እትዬ ገሉን ጥለው በእጃቸው ሊመቱት ሞከሩ። እሪ ሲሉ ጣሪያው ይዞ ነበር።

ደረቅ ሣር ለምን እንደዚያ እንደሚነድ ማስረዳት እችላለሁ። ቀጭን ነው፣ ውስጡ እርጥበት የለም፣ አየር በመሀሉ እንደ ልቡ ያልፋል። ለዓመታት ጥቀርሻ የጠጣ የሣር ክዳን ደግሞ የባሰ ነው። እንደ ትምህርቱ ከሆነ ጎጆ ቤት ማለት ተከምሮ ክብሪት የሚጠብቅ ማገዶ ነው። ሰዎቻችን ግን መሀሉ ላይ እሳት አስቀምጠው፣ ልጅ ወልደው፣ ጥጃ አሳድገው ኖረውበታል። ይህን ስል እያደነቅሁ አይደለም፤ እንዲያው ነገሩ እንዲህ ነው።

ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሣ የሚቃጠለውን ቤት ለማዳን አይደከምም። ውኃው በእንሥራ ከምንጭ እስኪመጣ ቤቱ አልቋል። ወንዶቹ የሚሮጡት ወደሚቀጥለው ቤት ነው፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት። ክዳኑን ይገፍፉታል፣ ማገሩን ቆርጠው ያወርዳሉ፤ እሳቱ ሲደርስ የሚበላው እንዳያገኝ። በዚያ ቀን የሚቀጥለው ቤት የኛ ነበር።

ወንዶቹ መጥረቢያና ማጭድ ይዘው ከደጃችን ደርሰው ቆሙ። የሰው ቤት ማፍረስ ይከብዳል፤ ለዚያውም ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ እያየ። ወንድሜም ቆመ። መሰላሉን አምጥቶ ያስደገፈው አባቴ ነው። «ምነው ቆማችሁ?» አለና ራሱ ወጣ። የመጀመሪያውን ሣር ነቅሎ የጣለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለው፤ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ግድግዳውና ምሰሶው ብቻ ቀረ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ወደ ገደሉ በኩል ዞረና እሳቱ የእትዬን ቤት በልቶ ጨርሶ እዚያው ሞተ። የአባቴ ቤት ላይ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ አልወደቀችም። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ «ትንሽ ብንታገሥ ኖሮ» ይላል። አባቴ ያን ቃል አንድም ቀን ሲናገረው አልሰማሁም። በዚያው ሰሞን ላሟ ወለደች።

ቤቱን እሳት ለበላበት ሰው ምን እንደሚደረግ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እንጨት ያለው እንጨት፣ ገብስ ያለው ገብስ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። «እግዜር ይተካልዎ» ይባላል። ለእትዬም እንደዚሁ ሆነ። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ግን የሚባል ነገር የለም። እግዜር ምኑን ይተካለት? የወሰደበት እሳት አይደለም፤ ጎረቤት ነው፤ ያውም እሱ ራሱ መሰላል አምጥቶ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ መጀመሪያ የተቃጠለው ይሠራ አሉ፣ ልክ ናቸው። አባቴ ደግሞ ቀደማቸው። ከራሱ ቤት የወረደውን ወጋግራና ማገር እየተሸከመ ወስዶ ከእትዬ ቤት አመድ ዳር ከመረው።

ወንድሜ ተናደደ። «የራስህንስ በምን ልትሠራው ነው?» አለው።

«እሳቱ ከኔ ቤት ነው የወጣ» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ከረመ። ማንም አልወቀሰውም። እትዬም አልወቀሱትም፤ ነገር ግን ቤታቸው ተሠርቶ ሳያልቅ ሴት ልጃቸው መጥታ ወደምትኖርበት ወደ አዲ አርቃይ፣ ወደ ቆላው፣ ይዛቸው ወረደች። ሲሄዱ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አባቴ በተቀመጠበት አጠገብ አለፉ። አልተሰናበቱትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ እሳት አልነካም። ወንድሜ ቤት እየሄደ የቀረበለትን ይበላል፣ ተመልሶ ጣሪያ በሌለው ቤቱ ግድግዳ ሥር በርኖሱን ተከናንቦ ይቀመጣል። ማታ ማታ ወንድሜ እየጎተተ ያስገባው ነበር።

ቤቱን መልሶ ለመክደንም ሣር አልነበረም። በዚያው በጋ፣ ቀደም ብሎ፣ ተራራው ተቃጥሎ ነበር። ማን እንደ ለኮሰው እርግጠኛ የሆነ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ አንዱ ማር ቆራጭ ነው ይላል፣ ሌላው ከሰል አክሳይ፣ ሌላው ደግሞ ከብት ጠባቂ። ወንድሜ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ቅጠልና አካፋ ይዞ ሲመታው ሰንብቷል። ከላይ ሲያጠፉት ከሥር ይሄዳል አለኝ። አስታ የምንለውን የደጋ ዛፍ ሥር ተከትሎ አፈሩ ውስጥ ሲጤስ ቆይቶ፣ ሰዎቹ ጨረስን ብለው ሲቀመጡ፣ ራቅ ካለ ቦታ ብቅ ይላል። ለክዳን የሚታጨደው የጓሳ ሣር ከአስታው ጋር አብሮ ሄደ። አመዱ እስከ ሰፈራችን ድረስ በነፋስ እየመጣ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፍ ነበር። ሴቶቹ ያራግፉታል፣ መልሶ ያርፋል።

ክረምት ሳይገባ ሄጄ አባቴን ጎንደር አመጣሁት። አልተከራከረኝም። አባቴ ተከራካሪ ሰው ነበር፤ ዝናብ እየዘነበ ዝናብ ነው ብትሉት አይደለም የሚል። «አባባ፣ እኔ ዘንድ ክረም» ስለው ዱላውን አንሥቶ ተከተለኝ።

ቀሐ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። በመጣ ማግስት በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ወጥ ስሠራ ቆሞ አየኝ። ሽቦው ሲቀላ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

«ይኼ አመድ የለውም?» አለኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ትዳፍኚዋለሽ?»

«አጠፋዋለሁ አባባ። ነገ መልሼ አበራዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ሄዶ ተቀመጠ። መብራት ሲጠፋ በከሰል ነው የምሠራው፤ ከሰሉን ማያያዝ ስጀምር አባቴ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። አከራዬ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ናቸው፤ ሲያዩት ወንበር ያወጡለታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ያያሉ። አንድ ቀን ሳልፍ አከራዬ ብቻዬን ጠሩኝና «አባትሽ ሸጋ ሰው ናቸው፤ ግን እዚህ የሉም» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው።

«አባባ፣ ራበህ?» ስለው «እንዳሻሽ» ይለኛል። «በረደህ?» ስለው «ምንም አይል» ይለኛል። ሳቀርብለት ይበላል፤ ካላቀረብኩለት ይቀመጣል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ስብሰባ ይዞኝ ዘግይቼ ስገባ ጠዋት ከድኜ የተውኩለት ምሳ እፊቱ እንዳለ ነበር፤ እንዲያው መክደኛውን አላነሣውም። ለምን አልበላህም ስለው የተገረመ ይመስል አየኝ። ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ስሰጠው በመዳፉ ጨብጦት ይቀመጣል። እኔ በጣቶቼ ጫፍ ነው ያመጣሁት፤ እሱ ግን አያቃጥለውም።

ቃጠሎ ደረጃ አለው ብዬ አስተምራለሁ። ቆዳን ብቻ የነካው እጅግ ያማል። ጠልቆ የገባው ግን የሚያመውን ነገር ራሱን ስለሚያቃጥለው እዚያ ቦታ ላይ አያምም። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። እኔ ብርጭቆውን ከአባቴ እጅ ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለት ነበር። እንዲህ እንደ ሆነ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይርበው፣ ሳይበርደው፣ ከእኔ ጋር ሳይጨቃጨቅ እንዳይሞት አስብ ነበር። ፈራሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሐሳቡ ነበረ፣ ፍርሃቱ አልነበረም። እኔም አብሬው ደንዝዤ ነበር መሰለኝ፤ ሥራ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው ደህና ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ይኸው ነው።

ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ። በመስቀል ደመራ ሲለኮስ አባቴን አልወሰድኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። በጥምቀት ግን ቅርብ ነውና ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይዤው ወረድኩ። ሕዝቡ ከተጠጋጋበት መሀል ሆነን ጸበሉ ሲረጭ አባቴን ፊቱን መታው። ሌላው ሰው እልል ይላል፣ ይጋፋል። እሱ አልጠረገውም። ውኃው ከጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ ቆመና «አሁን ውሰጂኝ» አለኝ። ወደ ቤት መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት።

«ወደ አገሬ» አለኝ።

ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ሲዘጋ ወሰድኩት። ከደባርቅ በላይ ማኪናዋ ስትወጣ የተቃጠለውን ተራራ አየሁት። ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፣ ግራጫ ነው። የአስታው ግንድ ቅጠል አልባ ሆኖ ቆሟል። ክረምቱ አፈሩን ጠርጎት ድንጋዩ ወጥቷል፤ ታች ያለው ማሳ ላይ ጭቃው ተጋድሟል። እዚህም እዚያም ከአመዱ መሀል ሣር አቆጥቁጧል፤ ከብት ገብቶበታል። አባቴ በመስኮቱ አየው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «በቅሏል፣ በቅሏል» አለው።

ቤቱ ተከድኖ ነበር። መኸር ከገባ በኋላ ወንድሜ ሥራውን ሲጀምር፣ ማንንም ሳይጠራ ሰዎቹ ራሳቸው መጥተው አግዘውት በቆርቆሮ ከድነውታል። አባቴ ገባ፣ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ። ምድጃው በስተ ውስጥ ነው። ያን ቀን እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። እሱ ከበሩ አጠገብ ነፋሱን እየጠጣ ቁጭ አለ።

እትዬም ከቆላ ተመልሰው በአዲሱ ቤታቸው ገብተው ነበር። ወንድሜ እንደ ነገረኝ ሙቀቱ አልተስማማቸውም። ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ስኳርና ሳሙና፣ አንድ እሽግ ክብሪትም ይዤላቸው ነበር። ሲቀበሉኝ እጃቸውን አየሁት፤ ቆዳው ተጨማዶ ሁለቱ ጣቶቻቸው እንደ ልብ አይዘረጉም።

«ሸጋ ነገር አመጣሽልኝ» አሉና ክብሪቱን መደቡ ላይ አስቀመጡት። «አያ ምነው ብቅ አይሉ?»

«መንገዱ አድክሞት ነው።»

«እሳት ያነድዳሉ?»

«እኔ ነኝ የማነድድ። እሱ አይነካም።»

«ከዚያን ቀን ወዲህ?»

«ከዚያን ቀን ወዲህ።»

ስወጣ ሸኙኝ፤ ከካቡ ሳያልፉ ቆሙ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እኔ ምድጃው አጠገብ፣ አባቴ በር ላይ እንዳለን እትዬ መጡ። ገል ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ።

«እሳት ልጭር መጣሁ።»

እኔ ተነሥቼ ገሉን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። «አንቺን አይደለም» አሉኝ። «አንቺ እንግዳ ነሽ። የቤቱ ባለቤት ይስጡኝ።»

ያመጣሁላቸው ክብሪት መደባቸው ላይ እንዳለ አውቃለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው ሲሳሳት ማረም እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን የተሳሳተ ሰው አልነበረም።

ቆርቆሮው ከላያችን ይንኳኳ ነበር።

«ነፋስ አለ» አለ አባቴ።

«እጠብቃለሁ» አሉ እትዬ። ገሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከአባቴ ማዶ፣ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ። እኔ ሥራ የያዝኩ ለመምሰል እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። ዶሮ ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች። ማንም እሽ አላላትም።

«ከኔ ቤት ነው የወጣ» አለ አባቴ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ነፋሱን አይቼው ነበር። ላሟ ወልዳለች ልበል ብዬ ነበር። ልዋሽ ብዬ… አፈርኩ።»

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ለወንድሜም፣ ለኔም። እትዬ ገሉን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እኔስ ነፋሱን አላየሁትም? ዕውር ነኝ?» አሉ። «የያዝኩት እኔ። መንገዱን የሄድኩት እኔ። ቆላ ተቀምጬ ሲቆረቁረኝ የከረመ ቤቴ አይደለም፣ አያ፤ ሳልሰናበትዎ መሄዴ ነው። እንጨትዎን ሰጡኝ። በርስዎ ማገር ሥር ነው የምተኛ። ታዲያ እሳቱ ከሌላ ቤት ይምጣ?»

ቆርቆሮው መንኳኳቱን መቼ እንዳቆመ አላውቅም፤ ዝም ማለቱን ያወቅሁት አባቴ ቀና ሲል ነው። ተነሣ። ገሉን ከመሬት አነሣና ወደ ምድጃው መጣ፤ እኔ ዞር አልኩለት።

በጉልበቱ ተንበረከከ። አመዱን በመዳፉ እየዘገነ ገሉ ላይ አነጠፈ። ፍሙን በእንጨት እየገፋ መረጠ፤ ትልቁን ተወው፣ ትንንሹን ወሰደ። አንዱ ተንሸራቶ ጣቱን ነካው። «እህ!» ብሎ እጁን አራገፈ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። እትዬ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ጣቱን አውጥቶ አየውና ሥራውን ቀጠለ። በላዩ አመድ መለሰበት። ከወትሮው ይልቅ ብዙ አመድ ነበር።

ገሉን ለእትዬ ሰጣቸው። ተቀበሉና ወጡ። አባቴም ተከትሏቸው ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በነፋሱ በኩል ሆኖ፣ ጋቢውን በሁለት እጁ ገልጦ እንደ መጋረጃ ይዞ፣ ከጎናቸው ይሄድ ነበር። እሳቸው ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲራመዱ ይራመዳል። ነፋስ አልነበረም። ካቡን ሲሻገሩ ክርናቸውን ደገፈ። እስከ ደጃቸው ደረሱ፣ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ከእትዬ ቤት የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ጭስ መውጣት ጀመረ።

አባቴ ሲመለስ ጋቢው አመድ ነክቶታል። ከበሩ አጠገብ ያለውን መደብ አልፎ ምድጃው ዳር ተቀመጠና እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። በርዶት ነበር።

«ራበኝ» አለኝ።

እንጀራው በሞሰቡ፣ ወጡ በድስቱ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ግን ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ። እንባዬ መጣ። በቆምኩበት ቀረሁ። አባቴ ዞሮ አየኝና፣ እንደ ድሮው በቁጣ፣ «ምነው ቆምሽ?» አለኝ።